ጎታቹ በቀን ይተኛል

ወላቃ ዳቦዋን ለሁለት ገምሳ ትልቁን ግማሽ ወደ ኩሬው ስትወረውር፣ ሸምበቆ ከጡብ ክምሩ ጀርባ ብቅ አለች። ዳቦው አልሰጠመም። ትንሽ ተንሳፈፈና ንፋሱ መልሶ ወደ ዳር ገፋው። ልጅቱ ተናደደች፤ የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ከንፈሯን በድዷ ነከሰች። ከዚያ ቀሪውን ግማሽ አርቃ ለመወርወር አንድ እግሯን ወደ ውሃው አስቀደመች።

ሸምበቆ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እዚያው ጥላ ሮጠች። ልጅቱን ብብቷ ሥር ይዛ፣ አንጠልጥላ ከገመዱ ወዲህ እስክታወጣት ድረስ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም። ገመዱን ሠራተኞቹ የዘረጉት ኩሬው ውስጥ ልጅ ከሰጠመ በኋላ ነው። መዘርጋቱንስ ዘርግተውታል፤ ግን በአዋቂ ወገብ ልክ ስለሆነ የስድስት ዓመት ልጅ ጎንበስ ሳትል በሥሩ ታልፋለች።

ሸምበቆ ምን ልትሠሪ መጣሽ ብላ ተቆጣቻት። ዳቦስ እንዲህ ይጣላል ወይ አለቻት።

«አልጣልኩትም» አለች ወላቃ። «ሰጠሁት እንጂ።»

«ለማን?»

ወላቃ ዙሪያዋን ገልመጥ ገልመጥ አደረገች። ሸምበቆ እንደ ስሟ ረጅም ናት፣ ስሙንም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ትንሿ ልጅ ጆሮዋ ጋ ለመድረስ በሹራቧ እጅጌ ጎትታ ዝቅ አደረገቻት።

«ለጎታቹ» አለች በሹክሹክታ። «ከጠገበ ድምቡሼን ይለቀዋል። ግን ዳቦው አልወርድ አለ። ገባ ብዬ ካልሰጠሁት አይደርሰውም።»

ሸምበቆ ክው አለች። ድምቡሼ ታናሽ ወንድሟ ነው። ጉንጩን ያየ ሁሉ ሳይቆነጥጠው ስለማያልፍ ነው ድምቡሼ የተባለው። ዝናቡ የገባ ሰሞን እዚህ ኩሬ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ወላቃ የልብ ጓደኛው ነበረች፤ ያን ቀን አብራው የነበረችውም እሷ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲህ ስለነገሩ ትንፍሽ አላለችም። እናቷ ለመነቻት፣ ሠራተኞቹ ከረሜላ ገዝተው አባበሏት፣ እሷ ዝም። ሰውም ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው ብሎ ተዋት።

አሁን ግን ሳይጠይቋት አፏን ከፈተች።

«አልጮኽኩም እኮ» አለች፤ ፊቷ ላይ ኩራት ቢጤ ነበር። «ሲገባም አልጮኽኩም፣ ሲንቦጫረቅም አልጮኽኩም። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት። እማማ እንዳሉን። ጎበዝ ነኝ አይደል?»

ሸምበቆ ቦርሳዋን አነሣች። የልጅቱን እጅ ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደቻት።

ነገሩ የሚገባችሁ ጡብ ማምረቻውን ካወቃችሁት ነው። ጡብ ከአፈር ይሠራል፤ አፈሩ ደግሞ ከሆነ ቦታ መቆፈር አለበት። የሸምበቆ አባት ቆፋሪ ነው። ኩሬ ኩሬ የምንለውም ድሮ ኩሬ አልነበረም፤ እሱና ጓደኞቹ በዶማና በአካፋ ያወጡት የሸክላ አፈር ጉድጓድ ነው። ጥሩው አፈር ሲያልቅ ሌላ ቦታ መቆፈር ጀመሩ፣ ይሄን ግን አልደፈኑትም። ዝናብ ሲሞላው ጭቃ የሚቦካበት ውሃ ደጃቸው ድረስ መጣላቸው። ማን ይደፍነዋል?

እናቷ ደግሞ ልጅ ጠባቂ ናት። ጡብ የሚሸከሙት ሴቶች ጠዋት ልጆቻቸውን እሷ ዘንድ ጥለው ወደ ሥራ ይገባሉ፣ ማታ ይወስዳሉ። የጡብ ማድረቂያው ዳስ ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ጥግ ላይ ጎማቸው የወለቀ መኪናዎች፣ ግድግዳው ላይ ልጆቹ በከሰል የሞነጫጨሩት ቤትና ፀሐይ። እናቷ እዚያች ክፍል ውስጥ ንግሥት ነበረች። ልጆቹ ሁሉ «እማማ» ይሏታል። ግን ያን ሁሉ ልጅ ብቻዋን ከውሃ እንዴት ትጠብቅ? አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣል። እናም ጎታቹን ፈጠረችው።

ጎታቹ ኩሬው ሥር ይኖራል። ክንዱ ረጅም ነው፣ ጣቶቹ ጭቃ ናቸው፣ ዳር የመጣ ልጅ ካገኘ እግሩን ይዞ ይጎትታል። እናቷ ስትተርከው ድምጿን ከሆዷ ስለምታወጣው አዋቂ እንኳ ፀጉሩ ይቆም ነበር። ልጅ ደግሞ መጠየቅ አይታክተውም። «እማማ፣ እሱ አይተኛም?» ይሏታል። ምሳ ተበልቶ የመኝታ ሰዓታቸው ሲደርስ እሷም ይተኛል እንጂ ትላቸዋለች፤ ጎታቹ በቀን ይተኛል፣ እናንተም ተኙ፤ የሚጮህ ልጅ ካለ ግን ይነቃል፣ ከነቃም የጮኸውን ነው የሚወስደው። ያን ጊዜ ክፍሏ ጸጥ ትላለች። ተረቱ ሠርቶላታል። ስንት ክረምት አለፈ፣ አንድም ልጅ ኩሬው ጋ ድርሽ አላለም። ሴቶቹ ሲመርቋት አይጣል ነበር። ሸምበቆ ራሷ በዚሁ ተረት ነው ያደገችው።

ያን ቀን የሆነውን ወላቃ መንገድ ላይ፣ ድንጋይ በእግሯ እየመታች ነገረቻት። ቀትር ላይ ሌሎቹ ልጆች ተኝተዋል። እማማ ከሁሉ የሚያንሰውን ሕፃን ሲያስተኙ እሷና ድምቡሼ ሾልከው ወጡ። ኳሷ ነጥራ ኩሬው ውስጥ ገባች። ወላቃ ፈራች፣ ድምቡሼ ግን አልፈራም። ጎታቹ በቀን ይተኛል፣ ቀስ ብለን እናወጣታለን አላት። ጫማውን አውልቆ፣ በጣቶቹ እየተራመደ፣ ማንንም እንዳይቀሰቅስ ተጠንቅቆ ገባ። መጀመሪያ ውሃው ጉልበቱ ድረስ ብቻ ነበር። ከዚያ ድንገት ጠፋ። ብቅ አለ፣ እንደገና ጠፋ። ወላቃ አፏን በሁለት እጇ አፍና፣ ኮቴዋን አጥፍታ ተመለሰች፤ ጡብ የሚሸፈንበት ላስቲክ ሥር ገብታም ተደበቀች።

የሸምበቆ አባት በዚያ ሰዓት ከዳሱ ማዶ አፈር ይጭን ነበር። ብትጣራ ይሰማት ነበር።

ሸምበቆ ልጅቱን ለወላቃ እናት አስረከበች። ልጅቷ ኩሬው ጋ ነበረች፣ ዓይን እንዳይለያት ብላ አስጠነቀቀች፤ ሌላውን ግን ዋጠችው። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ጡብ ስትሸከም ውላ ትከሻዋ ቆስሏል። ወላቃ ነገም ተመልሳ እማማ ዘንድ መዋሏ የማይቀር ነው።

ማታ ቤታቸው ውስጥ አራተኛው ሰሃን አልቀረበም። ሰሞኑን አንድ ሁለቴ እናቷ ረስታ አቅርባው ነበር፤ አሁን ግን ለምዳለች። አባቷ እንደወትሮው ወደ ግድግዳው እያየ ተቀመጠ። ድሮ ቀልደኛ ሰው ነበር፤ የሸምበቆን ቁመት እያየ ጣራውን ከፍ ማድረጊያ ጡብ ልስረቅ እንዴ ይል ነበር። አሁን ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

«ድምፅ ብሰማ ኖሮ» አለ፤ ለማንም አይደለም የተናገረው። «አንዲት ድምፅ።»

እናቷ ጉርሻዋን መልሳ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠችው። ሸምበቆ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ትምህርት ትዝ አላት፤ የስፖርት አስተማሪያቸው ክፍል ገብቶ ስለ ውሃ አስተምሯቸው ነበር። ሰው ሲሰጥም ዘላችሁ አትግቡ፣ እጃችሁንም አትስጡ፤ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ፣ ገመድ ወይም ረጅም እንጨት ዘርጉ፤ ከሁሉ በፊት ግን ጩኹ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እስኪመጣ ጩኹ ብሏቸው ነበር። ያን ጊዜ የክፍሉ ልጅ በሙሉ እሷን ላለማየት መሬት መሬት ሲያይ እሷ ጠረጴዛዋን በጥፍሯ ስትፍቅ ነበር። ትንሿን ልጅ በልቧ ረግማት ነበር። ምናለ ብትጮህ ብላ ነበር።

ሰሃኖቹን ካጠበች በኋላ እናቷ አጠገብ ተቀመጠችና ዙሪያ ጥምጥም ሄደች። ልጆቹ ጎታቹን እንዲህ መፍራታቸው ጥሩ ነው እንዴ፣ ስለ ውሃው በደንብ ቢነገራቸው አይሻልም ወይ አለቻት። እናቷ የድምቡሼን ሹራብ ጭኗ ላይ ዘርግታ ያልተቀደደውን እጅጌ ትሰፋ ነበር።

«በደንብ አላስፈራሁትም» አለች። «ስስት ይዞኝ ነው። ለሌሎቹ ልጆች ጎታቹን ስነግር ለእሱ ሳቅ እያልኩ ነበር የምነግረው፤ እንዳይባንንብኝ ብዬ። የበለጠ ባስፈራው ኖሮ ልጄ ይኖርልኝ ነበር።»

ሸምበቆ ተነሥታ መኝታዋ ውስጥ ገባችና ትራሱን ነክሳ አለቀሰች። ብትናገር እናቷን ትገድላታለች። ዝም ብትል ወላቃ ዳቦዋን ይዛ ትገባለች። ሦስተኛ መንገድ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች።

በማግስቱ ትምህርት አልነበረም። ቀትር ገደማ ቧንቧ ጋ ጀሪካን ይዛ ተሰልፋ ሳለ ጓደኛዋ ሬድዮ መጣች። ሬድዮ የተባለችው ስለማትዘጋ ነው። ያን ቀን ግን ሸምበቆ እየተናገረች እሷ ሰማች፤ ጀሪካኗ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ሰማች።

«ላሽ በይው» አለች በመጨረሻ፤ ቧንቧውን እየዘጋች። «በሞቴ እንዳትነግሪያት። እናትሽ ገና እህል እንኳ በቅጡ አልጀመረችም። ይሄን ከሰማች አለቀላት። ለልጅቷ ጎታቹ ሞቷል በያት፣ ተገላገልሽ።»

ሸምበቆ ነገሩ ደስ ብሏት ነበር። ጎታቹን ገድላ፣ ቀብራ፣ እናቷንም ልጅቷንም ማዳን። ጀሪካኑን ተሸክማ ግማሽ መንገድ እስክትደርስ ድረስ ቆርጣም ነበር። ከዚያ ግን ቆም አለች። ጎታቹ ከሞተማ ወላቃ ምን ትፈራለች? ድምቡሼን ላውጣው ብላ ዘላ አይደል የምትገባው? ጀሪካኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ መንገዷን ቀጠለች። ቤት አድርሳውም በቀጥታ ወደ ልጆቹ ክፍል ሄደች።

ልጆቹ ምሳቸውን በልተው ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለዋል። እናቷ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ወላቃ የለችም። ሸምበቆ የት ሄደች ልትል አፏን ስትከፍት እናቷ በእጇ ዝም አሰኘቻት፤ ተረቱ ተጀምሯል። ድሮ ያ ተረት ሳቅም ነበረው። አሁን ሳቁ ተሟጦ ወጥቷል።

«የኔን ልጅ ወሰደው» አለች እናቷ። «አያችሁ? የእማማን ልጅ እንኳ አልተወም።»

አንድ ትንሽ ልጅ ድምቡሼ አሁን ጎታቹ ጋ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። እናቷ ጎንበስ ብላ የምንጣፉን ጠርዝ አስተካከለች።

«እሱ ጋ ነው።»

«ይበርደዋል?»

«አይበርደውም» አለች እናቷ፤ ድምጿ ልጅ የምታስተኛበት ድምፅ ነበር። «አይርበውም፣ አይበርደውም።»

ሸምበቆ በሩን ተደግፋ ቆማ ገባት። እናቷ ተረቱን የምትነግረው ለልጆቹ አልነበረም። ለራሷ ነው። ያቺ አንዲት ውሸት ከእጇ ከወጣች ሌላ የሚይዛት ነገር የለም። ሬድዮ እውነቷን ነው፣ ምን ቆርጦኝ እናገራለሁ አለች በልቧ።

ያኔ ወላቃ ገባች። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ሁለቱም እግሮቿ እስከ ጉልበቷ ድረስ ቀይ ጭቃ ናቸው፤ የቀሚሷ ጠርዝ ውሃ ያንጠባጥባል።

የሸምበቆ እናት ከበርጩማዋ ስትነሣ በርጩማው ወደቀ። የት ነበርሽ አለቻት። ወላቃ መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀና ብላ ሸምበቆን አየች። ሁሉም ሸምበቆን አዩ። ጭቃ ማቡኪያው ውስጥ ወድቃ ነው፣ እኔ አይቻታለሁ የሚለው ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ቀላል ነበር። እናቷ ታምናት ነበር። ግን ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው። የዛሬውም ውሃ ጉልበት ድረስ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀራት።

ሸምበቆ ተንበረከከች። የወላቃን እርጥብ እጅ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ትናንት ለኔ የነገርሽኝን ለእማማ ንገሪያቸው» አለቻት። «ሁሉንም። አይቆጡሽም።»

ወላቃም ነገረች። እየተኮላተፈች፣ ኳሷን ሳትረሳ፣ ጫማውን ሳትረሳ፣ በጣቱ መራመዱን ራሷ ተራምዳ እያሳየች ነገረች። አለመጮኋ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ምስጋና ጠበቀች። እማማ እንዳሉን አፌን ያዝኩት አለችና ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ አሳየች።

እናቷ አልጮኸችም። የወደቀውን በርጩማ ፈልጋ አጣችው፤ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ሁለት እጆቿ ቀስ ብለው ተነሡና አፏን ያዙት፤ ልክ እንደ ልጅቷ። እንደዚያ ሆና ስትወዛወዝ ልጆቹ ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተጠጋጉ። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፣ ሸምበቆ አንሥታ አቀፈችው።

«እኔ ነኝ» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።»

ሸምበቆ አይደለሽም ልትላት ፈለገች፤ ቃሉ አልወጣ አላት። ሕፃኑን እንዳቀፈች አጠገቧ ተቀመጠች፣ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ልትጠብቂን ብለሽ ነው እማዬ» አለቻት። ይሄኛው እውነት ስለነበር ሳይተናነቃት ወጣ።

ማታ ለአባቷ የነገረችው እናቷ ራሷ ናት። ሸምበቆ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ጩኸት ጠበቀች፣ ሰሃን ሲሰበር ጠበቀች። አባቷ ግን ተነሥቶ ወጣ፤ ጡብ ክምሩን ሲዞር ኮቴው ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር። ሲመለስ ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ እናቷ ሄደና ጎኗ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ ብሰማ ኖሮ ማለቱን ተወ።

ዝናቡ ጋብ ያለ ቀን ልጆቹን ኩሬው ጋ ወሰዷቸው። አባቷ ገመዱን ዝቅ አድርጎ ሁለተኛ፣ ሦስተኛም ጨምሮበታል፤ አሁን ወላቃ በሥሩ ለማለፍ በሆዷ መሳብ አለባት። እሱ ከገመዱ ማዶ ዳሩ ላይ ሆኖ የአካፋውን እጀታ ውሃው ውስጥ ከተተ። እዚህ ድረስ ደረጃ ነው አላቸው፣ እኔ ነኝ የቆፈርኩት፤ እጀታው ትንሽ ገብቶ መሬት ነካ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሲያደርገው እጀታው ሙሉ በሙሉ ገባ፣ መሬት አላገኘም። ማንም አይጎትትም፤ መሬቱ ነው የሚያልቀው አላቸው። ይሄን ሲናገር ድምፁ ተሰበረና አካፋውን ይዞ ከዳሱ ማዶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሸምበቆ ባዶ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቃ ገመድ አሥራበታለች። እየወረወረች አሳየቻቸው፤ ይንሳፈፋል፣ የወደቀው ልጅ ያቅፈዋል፣ እናንተ ከዳር ሆናችሁ ትስባላችሁ። መሬት ላይ አስተኝታ አንዱን በሌላው አስጎተተቻቸው፤ እንደ ጨዋታ ሆነና ሳቁ። ኳስ ከገባስ? ኳሷ ትቅር አሏት አብረው። እጅ መስጠትስ? አይሰጥም። መግባትስ? አይገባም።

ቀሪው የእናቷ ነበር። ሸምበቆ እኔ ልናገረው ብላት ነበር፤ እሷ እምቢ አለች።

«ጎታቹ የለም» አለች እናቷ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ውሃው ግን አለ፣ ቀንም አይተኛም፣ ሌሊትም አይተኛም። ውሃ ዳር ጩኸት አትፍሩ። ጓደኛችሁ ከገባ የምትችሉትን ያህል ጩኹ።»

ወላቃ እጇን አወጣች፤ ክፍል ውስጥ እንደሚደረገው።

«ድምቡሼስ?»

እናቷ ሸምበቆን በእጇ ፈለገቻት። ሸምበቆ እጇን ሰጠቻት።

«ድምቡሼ ሞቷል፣ የኔ እናት» አለች። «ዳቦ አይበላም። ተመልሶም አይመጣም።»

ወላቃ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ያለውን ቁራሽ ዳቦ ከነጨርቁ ጨበጠችው። አላለቀሰችም። ወደ ውሃው ብዙ አየች።

ከዚያ ሊጮኹ ሆነ። ሠራተኞቹ በሙሉ ተነግሯቸዋል፤ ልጆቹ ይለማመዳሉ፣ አትደንግጡ ተብሏል። አባቷም ያውቃል፣ እንዲያውም ጩኹ ያለው እሱ ነው። ልጆቹ ግን መጀመሪያ አልደፈሩም። ስንት ጊዜ በዚያ ዳር እንዳይተነፍሱ የተባሉ ልጆች ናቸው። ሸምበቆ ጀመረችላቸው። «ኡኡ! ድረሱልን!» አለች፤ ድምጿ ተሰነጣጠቀ፣ እሷም ኩሬው ዳር ጮኻ አታውቅም። ቀጥሎ አንዱ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ማድረቂያው ዳስ ሥር የነበሩ ወፎች ተነሥተው በረሩ።

ጩኸቱ ገና ሳያበቃ አባቷ ደረሰ። እያወቀ ሮጠ። አካፋውን እንደያዘ፣ አንድ ጫማው መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ገመዱን በወገቡ ገፍቶ ቆመና ልጆቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ቆጠረ። ማንም አልጎደለም። ሁሉም ያሉት ደረቅ መሬት ላይ ነው። እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ቦታው ምን ያህል ቅርብ እንደነበር አየ። እናቷ ፊቷን አዞረች፤ አባቷም ጫማውን ሊፈልግ ጎንበስ አለና ጎንበስ እንዳለ ብዙ ቆየ።

ያልጮኸችው ወላቃ ብቻ ናት። ሁለት እጆቿ አሁንም አፏ ላይ ናቸው። ሸምበቆ ልታስለቅቃት አልሞከረችም። አባቷ መጥቶ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ አለ። ይሄ ሰው ያቺን አንዲት ድምፅ ስንት ሌሊት ጠብቋታል።

«እኔ ያው እዚያ የዳሱ ጥግ ላይ ነኝ» አላት። «ስትችይ ጥሪኝ። እመጣለሁ።»

ሄደና የዳሱ ጥግ ላይ ቆመ። አልቆፈረም፣ አልጫነም። አካፋውን ተደግፎ ወደ እነሱ እያየ ቆመ። እናቷ ሌሎቹን ልጆች ሰብስባ ወደ ክፍሏ ይዛቸው ገባች። ሸምበቆ ከገመዱ ወዲህ መሬት ላይ ተቀመጠችና ረጅም እግሮቿን ዘርግታ ወላቃን ጎኗ አስቀመጠቻት። ጡብ የጫነ ጋሪ እየተንቋቋ አለፈ፣ ባዶውን ተመለሰ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ወላቃ አንድ እጇን አወረደች። ከዚያ ሁለተኛውን። በወለቁት ጥርሶቿ ክፍተት ትንፋሽ አወጣች፤ ከትንፋሹ ጋር ቃል ነበረበት።

«ድረሱ» አለች።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሸምበቆ እንኳ በግድ ነው የሰማችው። ማዶ ዳሱ ጥግ ላይ ግን አባቷ አካፋውን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ አነሣ።

የወላቃ ዓይኖች ተገለጡ።

«ሰማኝ?»

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር። ያቺ ፊት ስትበራ ማየት እንዴት ደስ ይላል። ሸምበቆ አዎን ከምላሷ ላይ መልሳ ዋጠችው።

«አልሰማሽም» አለቻት፤ ትንሿን እጇን ጨበጥ አድርጋ። «አፍሽ ሲንቀሳቀስ አይቶ ነው። ነገ ከትምህርት ቤት ስመለስ እመጣለሁ። ትንሽ ከፍ እናደርገዋለን።»